ጫሞን ያላየው ዓሣ ፈላጊ

ጫሞ ሐይቅ ላይ መረብ የሚጥል ሰው የሚሠራው ውሃው ሥር ያለውን ሳያይ ነው። ማታ የጣለውን መረብ ጎህ ሲቀድ ይስበዋል። ቆሮሶ ይገኝበታል፣ አምባዛ ይገኝበታል፣ ቀን የቀናው ደግሞ ሁለት ሰው ተጋግዞ የሚያነሣው ናይል ፐርች ይገጥመዋል። ያልቀናው ባዶ መረቡን ጠቅልሎ ይመለሳል። ዓሣው ዛሬ የትኛው ጥግ እንደዋለ የሚነግረው መሣሪያ የለም። ያለው ከታላላቆቹ የወረሰው ልምድ ነው፤ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ፣ ወፎቹ የት እንደሚያንዣብቡ፣ ዝናብ ከጣለ ስንት ቀን እንደሆነው። ይህን ሁሉ ሲያሰላ ዓይኑን ከጉማሬና ከአዞ አይነቅልም። ጎብኚ በጀልባ ሄዶ የሚያየው የአዞ ገበያ የሚባለው ዳርቻ ያለው በዚሁ ሐይቅ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1998 ባንዳይ የተባለው የጃፓን መጫወቻ አምራች፣ ያው ታማጎቺ የተባለውን የእጅ መጫወቻ ለገበያ ያበቃው ኩባንያ፣ ለዓሣ አጥማጆች አንድ ዕቃ ይዞ ብቅ አለ። ስሙ ፖኬት ሶናር ነው። ሐይቅ ዳር የተቀመጠው ሰው ይህን ዕቃ ጌም ቦይ በሚባለው የእጅ መጫወቻ ላይ የጨዋታ ካሴት እንደሚሰካ አድርጎ ይሰካዋል፤ በገመድ የተያያዘውን ተንሳፋፊ ውሃው ላይ ይጥላል፤ ከዚያ በመጫወቻው ትንሽ ስክሪን ላይ የውሃው ወለልና በመካከል ያለው ዓሣ ይታየዋል። እስከ 20 ሜትር ጥልቀት ድረስ ይሠራል። ዓሣው እንቢ ካለ በዚያው ስክሪን ዓሣ የማጥመድ ጨዋታ መጫወት ይቻላል። የተሸጠው ጃፓን ውስጥ ብቻ ነው፤ ዛሬ የሚያውቁት አሮጌ መጫወቻ የሚሰበስቡ ሰዎች ናቸው።

ስለዚህ ዕቃ መጀመሪያ ሳነብ በአእምሮዬ የመጣው ጫሞ ነው። ለቁጥሩ ስል ነው። የጫሞ ጥልቅ ቦታ የሚባለው 14 ሜትር ገደማ ነው፤ 20 ሜትር የሚያይ መሣሪያ ከዳር እስከ ዳር ወለሉን ያገኘዋል ማለት ነው። አሠራሩም ከባድ አይደለም። ተንሳፋፊው ጆሮ የማይሰማው አጭር ድምፅ ወደ ታች ይልካል። ድምፅ ውሃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ 14 ሜትር ወርዶ 14 ሜትር ለመመለስ የሰከንድ አንድ ሃምሳኛ እንኳ አይፈጅበትም። መጫወቻው የሚሠራው ሥራ ይህችን ቅጽበት መቁጠር ብቻ ነው። ቀድሞ የተመለሰ ድምፅ ካለ መንገድ ላይ አንድ ነገር አግኝቷል፤ ብዙ ጊዜ ያ ነገር የዓሣው ሥጋ ሳይሆን በሆዱ ውስጥ ያለው የአየር ከረጢት ነው፤ ድምፅ ከውሃ ወጥቶ አየር ሲገጥመው አጥብቆ ይመለሳልና። የጫሞን ጎረቤት ሐይቅ አባያን ያየ ሰው የዚህ ጥቅም ወዲያው ይገባዋል። አባያ ከደጋው በሚወርደው አፈር ቀልቶ ስለሚውል እጅን ክርን ድረስ ቢያስገቡበት ጣት አይታይም። ብርሃን የማያልፍበትን ድፍርስ ድምፅ ያልፈዋል።

መሣሪያው የሁለቱ ሐይቆች ከተማ አርባ ምንጭ ደርሶ ቢሆን ኖሮ ለሐይቁ በጎ ይሆን ነበር ብዬ ግን አልደመድምም። የጫሞ ናይል ፐርች መቀነስ ስንት ጊዜ የተጻፈበት፣ አጥማጆቹም ራሳቸው የሚያማርሩበት ጉዳይ ነው። ሕገወጥ መረብ በበዛበት ሐይቅ ላይ ዓሣ የት እንዳለ የሚያሳይ መሣሪያ መበተን ያለውንም ማስጨረስ ይሆናል። እኔ የምቆጨው በሌላ ነው። አርባ ምንጭ የውሃ ከተማ ናት። የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ፣ ዛሬ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የሆነው፣ ሥራ የጀመረው በ1979 ዓ.ም. ነው። ኋላ የውሃ ሚኒስትር የሆኑት ዶክተር ስለሺ በቀለ በጀርመን ድሬስደን የዶክትሬት ጥናታቸውን የሠሩት በአባያና ጫሞ ተፋሰስ ላይ ነው፤ የሁለቱን ሐይቆች ጥልቀትና የወለል ቅርጽ የሚገልጽ ጽሑፍም አሳትመዋል። የሐይቅ ወለል መለካት በዚህች ከተማ የሚከበር ሙያ ነው። እንግዲህ ያንኑ መለካት በኪስ በሚያዝ መጫወቻ የሚያስተምር ዕቃ በዓለም ላይ ነበረ፤ ዳሩ ግን የአርባ ምንጭ ልጅ ሳያየው ጠፋ።

የአርባ ምንጭ ልጅ ያየው ሌላ ነው። እዚህ ላይ የዘመን አቆጣጠራችንን ማስታወስ ያስፈልጋል። የእኛ ዘጠናዎቹ የጀመሩት መስከረም 1990 ላይ ነው፤ ፈረንጆቹ የእነሱን ሊጨርሱ ሁለት ዓመት ከጥቂት ወር ሲቀራቸው ማለት ነው። በእኛ ዘጠናዎቹ በመርካቶም ሆነ በክፍለ ሀገር ከተሞች የልጅ እጅ ላይ የገባው የእጅ ጌም ብሪክ ጌም ነው። ጀርባው ላይ ወይም ካርቶኑ ላይ 9999 ጨዋታ አለው ተብሎ ይጻፍበታል። የምር የሚለያዩት ጨዋታዎች አሥራዎቹን ብዙም አያልፉም፤ የቀረው የፍጥነትና የደረጃ ልዩነት ተደምሮ ነው። በግራ በኩል አራት ትንንሽ ቁልፎች፣ በቀኝ በኩል አንድ ትልቅ ማዞሪያ ቁልፍ አለው። ስክሪኑ ወደ ጎን 10፣ ወደ ታች 20፣ በድምሩ 200 አራት ማዕዘን ቤቶች ነው። ጡብ ይወርዳል፣ ልጁ ያዞረዋል፣ መስመር ሲሞላ ይጠፋል። መኪና ይነዳል፣ እባብ ያስረዝማል፣ ታንክ ያጋጫል፤ ሁሉም በእነዚያው 200 ቤቶች።

የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ድምፁ ይሰልላል፣ ቤቶቹም እየደበዘዙ ይሄዳሉ። ያኔ ድንጋዩ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። አርባ ምንጭ ላይ ፀሐይ አይጠፋምና ልጆቹ ጥቂት ደቂቃ ያተርፉ ነበር። ወረፋ የሚጠብቀው ልጅ ባለቤቱ ቶሎ እንዲሞት፣ በጨዋታው ማለቴ ነው፣ ከጎን ሆኖ ያዋክበዋል።

ብሪክ ጌም የጃፓን ሥራ አይደለም። ሐሳቡ የሶቭየቱ የአሌክሲ ፓጂትኖቭ ቴትሪስ ነው፤ ዕቃውን ፈብርካ ዓለምን ያጥለቀለቀችው ቻይና ናት። አያቱ ግን ጃፓናዊ ነው። ስክሪኑ በሚሠራበት ጊዜ እያንዳንዱ ቤት ቅርጹ ተወስኖ ስለሚቀመጥ የሚቀረው ማብራትና ማጥፋት ብቻ ነው፤ ልክ በሒሳብ ማሽን ላይ ቁጥሮቹ እንደሚበሩትና እንደሚጠፉት። ይህን ዘዴ ለጨዋታ ያዋለው ሰው ጉንፔይ ዮኮይ ይባላል።

ዮኮይ ኤሌክትሮኒክስ ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1965 ኪዮቶ ውስጥ የካርታ መጫወቻ ያትም በነበረው ኒንቴንዶ ተቀጠረ። ሥራው የካርታ ማምረቻ ማሽኖቹን መጠገን ነበር። ማሽን በማይበላሽበት ቀን ሥራ ሲፈታ ለራሱ መዝናኛ እየተዘረጋ ዕቃ የሚይዝ ክንድ ሠራ። የኩባንያው ኃላፊ ሂሮሺ ያማኡቺ አይቶት ጠራው፤ ዮኮይ ሊቆጣኝ ነው ብሎ ሄደ፤ ያማኡቺ ግን ይህን ለገበያ አዘጋጀው አለው። በ1966 አልትራ ሃንድ በሚል ስም ወጥቶ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። በፈረንጆቹ ሰባዎቹ መጨረሻ ደግሞ ዮኮይ በፈጣኑ ባቡር ሲጓዝ አንድ የሰለቸው ሠራተኛ የኪስ ሒሳብ ማሽን ይዞ ዝም ብሎ ቁልፉን ሲጫን ያያል። ቁጥር እየደመረ አይደለም፤ ጊዜ እየገፋ ነው። አንድ ቀን የያማኡቺ ሾፌር ሥራ ስላልገባ ዮኮይ አለቃውን ወደ ስብሰባ እየነዳ ወሰደው፤ መንገድ ላይ ያየውን አጫወተው። ያማኡቺ በስብሰባው ከሻርፕ ኩባንያ ኃላፊ ጋር ተገናኝቶ ነገሩን አነሣ። ሻርፕ በሒሳብ ማሽን ገበያ ከካሲዮ ጋር ሲፎካከር ስክሪኑ እጅግ ረክሶለት ነበር። በ1980 ጌም ኤንድ ዋች ወጣ፤ የኪስ ሰዓትም ጨዋታም የሆነ ዕቃ።

የዮኮይ እምነት አንድ ነበር፤ አዲስ ሐሳብ ለማውጣት አዲስ ቴክኖሎጂ አያስፈልግም። ጉዱም ጥቅሙም የታወቀ፣ ሁሉም ፋብሪካ የሚሠራው፣ የረከሰ ዕቃ ወስደህ ከተለመደው ሌላ ሥራ ስጠው ይል ነበር። የኒንቴንዶው ጌም ቦይ በኤፕሪል 1989 ሲወጣ በዚህ እምነት የተሠራ ነበር። ስክሪኑ ቀለም የለውም፤ አራት ደረጃ ያለው አረንጓዴ ቢጤ ጥላ ብቻ ነው። ከጀርባው ብርሃን የለውም። መሥሪያ ማኅደረ ትውስታው 8 ኪሎባይት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ተፎካካሪው ሴጋ ባለቀለምና ባለብርሃን ስክሪን ያለውን ጌም ጊር አወጣ፤ ዓይን ይማርካል። ነገር ግን ስድስት ድንጋይ ይበላል፣ እነሱም ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ብቻ ያገለግላሉ። ጌም ቦይ በአራት ድንጋይ 15 ሰዓትና ከዚያ በላይ ይሄድ ነበር። ገበያው ፈረደ፤ ጌም ቦይ ከባለቀለሙ ተከታዩ ጋር ከ118 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ።

ብርሃን የሌለው ስክሪን በጨለማ አይታይም፤ መብራት በጠፋ ምሽት ብሪክ ጌም ይዞ ሻማ አጠገብ ያጎነበሰ ሁሉ ያውቀዋል። በጠራራ ፀሐይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የዛሬን ስልክ ይዛችሁ እኩለ ቀን ላይ ጫሞ መካከል ብትወጡ በእጃችሁ ጥላ ካልሠራችሁለት ምንም አታዩበትም። የጌም ቦይ ዓይነቱ ስክሪን የሚታየው የፀሐይዋን ብርሃን መልሶ በመላክ ስለሆነ ፀሐይ በበረታች ቁጥር ይጠራል። ለሐይቅ ዳር ሥራ ከዚህ የተሻለ አይገኝም፤ ፖኬት ሶናርም ለዚህ ሥራ የተስማማው አንዱ በዚህ ይመስለኛል።

በዚያ ዘመን የጃፓን ገበያ ከጌም ቦይ ጋር የማይሰካው ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል። በ1998 ፎቶ የሚያነሣ ካሜራ ወጣለት፣ ፎቶውን የምታትም ትንሽ ማተሚያም ወጣችለት። ከጌም ቦይ ውጭም፣ ቀደም ብሎ በ1991 ኢፖክ የተባለ ኩባንያ ባርኮድ ባትለር የሚል የእጅ ጌም ሸጦ ነበር፤ ልጆች ከሱቅ የተገዛ ዕቃ ላይ ያለውን ባርኮድ እያስነበቡ ከመስመሮቹ ተዋጊ ያወጣሉ። በ1998 ደግሞ ወገብ ላይ ታስሮ እርምጃ የሚቆጥር፣ ፒካቹ የተባለ እንስሳ በስክሪኑ ላይ ያለበት መጫወቻ መጣ፤ ልጁ በተራመደ ቁጥር እንስሳው ይወደዋል። ከሐይቁ በላይ ካለው ከዶርዜ ደጋ ወደ ገበያ የምትወርድ እናት በአንድ ቀን የምትራመደው ለዚያ እንስሳ ስንት ቀን ይበቃው ነበር!

ዮኮይ ግን ከዚህ ውስጥ የ1998ቱን አላየም። በ1995 ያወጣው ቨርቹዋል ቦይ የተባለው ጌም ገበያ ላይ ወደቀ፤ በኦገስት 1996 ኒንቴንዶን ለቆ ኮቶ የሚባል የራሱን ኩባንያ ከፈተ። በእኛ መስከረም 24 ቀን 1990፣ መስቀል ባለፈ በሳምንቱ፣ በጋሞ ደጋ መስቀል የአንድ ቀን በዓል ባለመሆኑ ድግሱ ገና ሳይበርድ፣ እሱ በኢሺካዋ ግዛት አውራ ጎዳና ላይ ነበር። የተሳፈረባት መኪና ከፊት ካለው ጋር ተጋጨች። ወርዶ ሲመለከት ሌላ መኪና ገጨው። ዕድሜው 56 ነበር።

ከሞተ በኋላ የመጨረሻ ሥራው ወጣ። ወንደርስዋን ይባላል፤ ባንዳይ በማርች 1999 በ4,800 የን ሸጠው። የሚሠራው በአንድ ድንጋይ ነው። አንድ! በዚያች አንድ ድንጋይ ሠላሳ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይሄዳል። ወደ ጎንም ወደ ላይም ይዞ መጫወት ይቻላል። አብሮት ከወጡት ጨዋታዎች አንዱ ለመታሰቢያው ጉንፔይ ተብሎ ተሰየመ። ወደ 3.5 ሚሊዮን ተሸጦ ቆመ፤ ከጃፓን ብዙም ሳይወጣ ቀረ። እኔ ከዘጠናዎቹ የእጅ ጌሞች ሁሉ አብልጬ የማከብረው ይህን ነው። ድንጋይ በምትገዛበት ሱቅና በቤትህ መካከል ሙሉ ተራራ ላለበት አገር የተሠራ ይመስላል፤ ያ አገር ግን ስሙንም አልሰማም።

ወንደርስዋን ሌላም ነገር ትቶ ሄደ። በ2000 ኪውት የተባለ ትንሽ ኩባንያ ወንደርዊች የሚል መሥሪያ ለሕዝብ ሸጠ። ማንም ሰው ቤቱ ባለው ኮምፒውተር በሲ ቋንቋ ጨዋታ ጽፎ ወደ ወንደርስዋኑ መጫን ይችላል። ውድድር ተዘጋጀ። ከውድድሩ የወጣው ጀጅመንት ሲልቨርሶርድ የሚባለው የተኩስ ጨዋታ ኋላ በካሴት ታትሞ ለሽያጭ ቀረበ። የኩባንያ ደመወዝተኛ ያልሆነ ሰው ለእጅ መጫወቻ ጨዋታ ሠርቶ ገበያ ማድረስ በዚያን ጊዜ ያልተለመደ ነበር።

የጌም ቦይ ታሪክ ደግሞ ከሐይቁ ወደ ደጋው ይወስደናል። ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ ወደ ጨንቻ የሚወጣው መንገድ እየተጠማዘዘ ሙቀቱን ከኋላ ይተዋል፤ ሙዝ ያልቃል፣ እንሰትና ቀርከሃ ይጀምራል፣ ጭጋግ ይወርዳል። ዶርዜ እዚህ ነው። የዝሆን ፊት የሚመስለው የቀርከሃ ቤት የሚታወቅበትን ያህል ሸማኔውም ይታወቃል፤ ሽሮ ሜዳ ላይ የሚሸጠው የሐበሻ ቀሚስ ከዚህ ደጋ በወጡ ሰዎች እጅ ያለፈ ብዙ ነው። ሸማኔው እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ አስገብቶ ይቀመጣል፣ በእግሩ ይረግጣል፣ ድሩ ይከፈታል፣ መወርወሪያው ያልፋል። እስከዚህ ነጭ ሸማ ነው። ጥለቱ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ይለወጣል። ድሩን በጣቱ እየለየ ያነሣል፤ ይህን ያህል ክር ያነሣል፣ ይህን ያህል ይተዋል፣ ባለቀለሙን ክር በተነሣው ሥር ያሳልፋል፣ ማጉን ይመታል። በሚቀጥለው መስመር ቆጠራው በአንድ ወይም በሁለት ክር ይሸሻል። እንዲህ መስመር በመስመር ሲሸሽ ማዕዘኑ ይወጣል፣ መስቀሉ ይወጣል። ከፊቱ የተሣለ ወረቀት የለም፤ ቆጠራው በራሱ ውስጥ ነው።

የጌም ቦይ ሥዕልም እንዲሁ በቆጠራ የሚሠራ ነው። ስክሪኑ ወደ ጎን 160፣ ወደ ታች 144 ነጥብ ነው። ነጥቦቹ ግን አንድ በአንድ አይሣሉም። ስምንት በስምንት የሆኑ ትንንሽ ጡቦች ይዘጋጃሉ፤ 20 ወደ ጎን፣ 18 ወደ ታች እየተደረደሩ ስክሪኑን ይሞላሉ። አንዷ ጡብ 64 ነጥብ ናት፤ የምትይዘው ቦታ 16 ባይት ብቻ ነው። ያኔ ብዙዎቹ የጨዋታ ሠዓሊዎች ባለአራት ማዕዘን ወረቀት ላይ ቤት እየቆጠሩ ያጠቁሩ ነበር። የዶርዜ ሸማኔ ይህን ሥራ ለመማር ረጅም ጊዜ የሚፈጅበት አይመስለኝም።

ጃፓኖቹ መጫወቻውንና ጨርቁን አገናኝተዋቸዋል። ጃጓር የተባለው የልብስ ስፌት መኪና አምራች በ2000 ኑዬል የሚባል መኪና አወጣ። ጌም ቦዩ በገመድ ከመኪናው ጋር ይያያዛል፤ ሰፊዋ በስክሪኑ ላይ የስፌቱን ዓይነት፣ የቁልፍ ቀዳዳውን፣ ፊደሉን ትመርጣለች፤ መኪናው የተመረጠውን ይሰፋል። ሲንገር በዓመቱ ተመሳሳዩን አይዜክ ብሎ አሜሪካ ወሰደው። በኋላ የኒንቴንዶን የጨዋታ ጀግና የማሪዮን ሥዕል የሚጠልፍ ሞዴል ተጨመረ። ምክንያቱ የገንዘብ ነው። በዚያን ጊዜ ኮምፒውተር ያለው የስፌት መኪና ውድ ነበር፤ ጌም ቦይ ግን በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ ተጥሏል። መኪናው የራሱን አንጎል ከሚገዛ የልጁን መጫወቻ ይዋስ አሉ። የዮኮይ እምነት ከእሱ ሞት በኋላ የሄደበት ሩቅ መንገድ ይህ ነው፤ አሮጌ መጫወቻ የሥራ መሣሪያ ሆነ።

አርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር ላይ ዛሬ የእጅ ጌም የሚጠይቅ ሰው ምናልባት አያገኝም። ጌም ቤቱ ግን አለ። ወጣቶቹ ጆይስቲክ ይዘው ኳስ ይጫወታሉ፤ የተሸነፈ ይነሣል፣ ወረፋ የደረሰው ይቀመጣል። ከጌም ቤቱ ውጭ ያለው በስልኩ ይጫወታል። በስልክ ጨዋታ ረገድ የአገር ልጆች የሠሩት አለ፤ ቅኔ ጌምስ አዲስ አበባ ውስጥ ያወጣቸው ኩኩሉና ገበጣ የሚታወቁ ናቸው። ኩኩሉ ላይ ዶሮዋ ከአሳዳጇ ትሸሻለች፤ ገበጣው ጠጠሩን ከመሬት ወደ ስክሪን ያመጣ ነው። ጥሩ ጅምር ነው። እኔ ግን የምመኘው አንድ ደረጃ ወደ ኋላ የተመለሰ ሥራ ነው።

ዛሬ ጂቢ ስቱዲዮ የሚባል በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም አለ። ኮድ መጻፍ የማይችል ሰው እንኳ ጡቦቹን ሥሎ፣ ሰዎቹን አስቀምጦ፣ ሕጉን አዝዞ እውነተኛ የጌም ቦይ ጨዋታ ያወጣበታል። የሚወጣው ፋይል በጣም ትንሽ ነው፤ ደካማ የሚባለው ስልክም ያለ ኢንተርኔት ያጫውተዋል፣ በብሉቱዝም በአፍታ ይተላለፋል። ለአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የአንድ ክረምት ሥራ ነው። ካርታው ጫሞ ይሁን፤ ጥልቀቱ ተለክቶ ታትሟል። ንግግሩ በጋሞኛ ይሁን። ተጫዋቹ ታንኳ ይስጡት፣ መረብ ይስጡት፣ የመረቡን ቀዳዳ ስፋት ራሱ ይምረጥ። ጠባቡን የመረጠ በመጀመሪያው ዙር ብዙ ይይዛል፤ ጫጩቱ ዓሣ አብሮ ይወጣልና። በሁለተኛው ዙር ትንሽ ይቀንስበታል። በሦስተኛው ዙር ሶናሩን ሲያበራ ከወለሉ በቀር ድምፅ የሚመልስ ነገር አያገኝም፤ ሰፊውን የመረጠው ጎረቤቱ ግን ገና እየሳበ ነው።